በገብስ ገለባ የታሰረ መድኃኒት

ሠናይት በባልደረባዋ በይርጋለም መቅናቷን ለራሷ ያመነችው አንኮበር፣ እናቷ ቤት ነው።

ሁለቱም ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተምራሉ። ቀድማ የገባችው ሠናይት ናት። የእናቷን የወይዘሮ ቦሰናን ጉልበት ብርዱ ሲቆረጥመው፣ የሚውጡት ማስታገሻ ደግሞ ጨጓራቸውን ሲያቃጥለው እያየች አድጋለች። ስለዚህ ከገብስ ገለባ ሴሉሎስ የሚባለውን ቃጫ እያወጣች፣ መድኃኒቱን ከእሱ ጋር ለማሰር ዓመታት ለፋች። የታሰረ መድኃኒት አያቃጥልም፤ የጨጓራውን አሲድ እንደታሰረ ያልፍና አንጀት ሲደርስ ቀስ በቀስ ይፈታል። እሷ እጅ ላይ ግን አልታሰር አለ። ከለሚ ከተማ የመጣችው ይርጋለም በገባች ዓመት አሰረችው።

ገለባ ሊያመጡ አንኮበር አብረው ሄዱ።

«ልጄ፣ ገለባው ምን ያደርግልሻል?» አሏት ወይዘሮ ቦሰና ይርጋለምን።

«እማማ፣ በሬ በሰው እህል መሃል ስናሳልፍ አፉን እናስር የለ? እህሉ ጨጓራዎ ነው። መድኃኒቱን አስሬ አሳልፈውና ማዶ ስደርስ እፈታዋለሁ።»

«ውይ፣ የተባረክሽ! ሠናይት ስንት ዘመን ስታወራልኝ አንድም ቀን አልገባኝም።»

ሠናይት በልቧ «ቀናሁባት» አለች።

እንደተመለሱ ይርጋለም ሥራዋን እንደ ጨጓራ ባለ አሲድ ውስጥ ፈተነችው። መድኃኒቱ ገና እዚያው መውጣት ጀመረ። ደገመችው፤ ያው። ሠናይት አንዴ አይታ ምክንያቱን አወቀችው፤ እሷንም ከዚህ በፊት አሞኝቷታል። ደስ አላት። ደስ ማለቷ አሳፈራት፤ አፏን ግን አልከፈተችም።

በሳምንቱ ይርጋለም ዓይኗ ቀልቶ ገለባውን በጆንያ ጎትታ ወጣች። «ልተወው ነው፣ ሠንዬ። ይኼንንም ልድፋው።»

የእናቷ አውድማ ገለባ ሊደፋ! ሠናይት አላስቻላትም።

«እጠቢው» አለች።

«ምኑን?»

«ያሰርሽውን፣ በአልኮል፣ ደጋግመሽ። የሚወጣው የታሰረው አይደለም፤ ሳይታሰር ቃጫው ላይ የተለጠፈው ነው።»

አጠበችው። አሲዱ ውስጥ መድኃኒቱ ጭጭ አለ፤ እንደ አንጀት ባለው ውሃ ውስጥ ደግሞ ጥቂት በጥቂት እየተፈታ ውሎ አደረ። ይርጋለም በባልደረቦቻቸው ፊት ውጤቱን ስታቀርብ «ስለ እጥበቱ ሠናይትን አመሰግናለሁ» አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። ሠናይት ግን «ያን ሁሉ ለፍቼ አጣቢ ሆኜ ቀረሁ» እያለች ተብከነከነች።

እናቷ ደወሉ። «ያቺ ልጅ መድኃኒቱን አደረሰችው?»

«ገና ነው፣ እማዬ። በእንስሳ፣ ከዚያም በሰው ይሞከራል፤ ዓመታት ይፈጃል።»

«ግዴለም፣ እሷ ትጨርሰዋለች።»

«እንጨርሰዋለን!» አለች ሠናይት ቆጣ ብላ።

በማግስቱ ይርጋለም ዘንድ ሄዳ ቀጣዩን ሙከራ አብራት ልትሠራ ጠየቀቻት። ይርጋለም ወንበር ሳበችላት። ዛሬም ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ የይርጋለም ሥራ በመጀመሪያው ሙከራ ሲሰምር ግን ሠናይት ቅናቷ እንዳይታይባት ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።