ጫማውን አውልቆ የሚገባው ዘበኛ
መካነ ሰላም ዳር ያለው የውሃ ፓምፕ ቤት ዘበኛ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው። አቧራ ኮምፒዩተሩን ይገድለዋል ብለውታል፤ ስለዚህ ጋቢውን መስኮቱ ላይ ጋርዶ ራሱ በስስ ካፖርት ይንቀጠቀጣል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፓምፑን በእጁ ሲያስነሳ ኖሯል። ዛሬ ኮምፒዩተሩ ካላዘዘ አይነሳም፤ ኮምፒዩተሩም ያለ ኢንተርኔት አያዝም። ኢንተርኔቱ ከጠፋ አምስት ቀኑ። እዚህ ኔትወርክ ይኑር አይኑር እንኳ ሳይጠይቁ ገዝተው የተከሉት ሰዎች የት አሉ? ወይ ንቀት!

«አያ፣ የውሃ ዘበኛ ነዎት ወይስ የሣጥን?» አለችው ከእኔ ጋር ለውሃ ከተሰለፉት አንዷ ባለ ጄሪካን።

የታሸገውን የድሮ ማብሪያ በጣቱ ዳሰሰና «ብነካው እንደምባረር አስፈርመውኛል» አለኝ።

ሰልፉ ተበተነ። ሚስቱ ባዶ ጄሪካኗን አዝላ ወደ ወንዙ ስትወርድ ቀና ብሎ አላያትም።