እትዬ መርፌ የሰፋችው ስፖንጅ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ መርፌ» ይላታል። ዕድሜዋን የፈጀችው የመኪና ወንበር ልብስ ስትሰፋ ነው፤ ጣቶቿ ቆዳ ሲወጉ ኖረው ራሳቸው ቆዳ መስለዋል። ማታ ወገቧን ይዛ «አሁንስ በቃኝ» ትላለች፤ ጠዋት ግን ማሽኗ ፊት ናት።

ልጇ በጠዋት ሥራ ስለምትገባ አራት ዓመት ሊሞላው የደረሰው የልጅ ልጇ ከእሷ ጋር ወርክሾፕ ይውላል። ሁለቱንም በመኪናው የሚያደርሳቸው አማቿ ነው። የልጁን መቀመጫ የገዛውም እሱ ነው። ልጁን አስመዝኖ፣ ቁመቱን ለክቶ፣ ሻጩን እስኪያሰለቸው ጠይቆ፣ ቀበቶው ሁለቱንም ትከሻ የሚይዘውን መረጠ።

ልጁ ግን በተቀመጠበት ቁጥር እንደተቆነጠጠ ይጮሃል። እትዬ መርፌ መቀመጫውን ዳበሰችው።

«ኤዲያ! ድንጋይ ነው እንጂ ይሄ ወንበር ነው? ለደንበኛ ብሰጠው ፊቴ ላይ ይወረውርልኝ ነበር።»

እሑድ ጋደም ማለት እያማራት ወፍራም ስፖንጅ ቆረጠች፤ ለስላሳ ጨርቅ አልብሳ ከመቀመጫው ልብስ ጋር ሰፋችው። ቀበቶው ሲያጥርባት ለቀቅ አደረገችው። ሰኞ ልጁ ዝም አለ።

«እማማ፣ እጅዎ ይባረክ! ጆሮዬን አተረፉልኝ» አለ አማቿ።

ረቡዕ ከፊታቸው ያለው መኪና ድንገት ቆመ። አማቿ ፍሬኑን ረገጠ። ልጁ ወደ ፊት ተወረወረ፤ አንዱ ትከሻው ከቀበቶው ሾልኮ ግንባሩ ከፊት ወንበር ጀርባ ጋር ተላተመ። ደም አልነበረም፣ እብጠት ብቻ። እትዬ መርፌ እብጠቱን በመዳፏ ጫን አድርጋ ያዘች።

አማቿ ዳር ይዞ ቆመና ልጁን ከመቀመጫው አንስቶ ስፖንጁን በቡጢው ተጫነው። እስከ ታች ሰመጠ። ቀበቶው እንደ ላላ ቀረ። በጣቱ ስቦ አሳያት። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ስፖንጅ ሲጫኑት እንደሚሰምጥ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? እሷ ግን ስትሰፋ የታያት ምቾቱ ብቻ ነበር።

ከሥራ ሲመለሱ ልብስ ሳትቀይር ምላጭ አንስታ ስፌቱን መፍታት ጀመረች።

«ይተዉት፣ እኔ እፈታዋለሁ።»

«አንተማ ቀበቶውንም ጨምረህ ልትቆርጥልኝ! ዞር በል ወዲያ።»

ስፖንጁን አወጣች። ቀበቶውን መርፌ እንዳልነካው ከጫፍ እስከ ጫፍ አየች።

በነጋታው የልጁን ወፍራም ጃኬት፣ እሱም እንደ ስፖንጁ ይሰምጣል ብላ፣ አወለቀች፤ ቀበቶውን ደረቱ ላይ እስኪጠብቅ ሳበችና ጃኬቱን ከላይ ደረበችለት።

«አያቴ፣ ይቆረቁረኛል! ስፖንጄን መልሺ!»

«የለም።»

«ላላ አድርጊልኝ!»

«አይላላም።»

«አልወድሽም!»

«እሺ የኔ ጌታ፣ አትውደደኝ።»

እጁን ልትይዘው ስትል መነጨቃት። ወርክሾፑ በር እስኪደርሱ አለቀሰ፤ እሷም አንድ እጇን ቀበቶው ላይ አድርጋ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር።