ከገጹ አናት የማይጠፋ ሽኝት

እናቴ ቃል የጠፋባት በክረምት ነው። በሰፈራችን በጊንጆ ክረምት ላይ ጠዋት ጭጋጉ ከመንገዱ ቶሎ አይነሳም፤ የባጃጆቹ ድምፅ ቀድሞ ይሰማና መብራታቸው በኋላ ብቅ ይላል። በዚያ ጠዋት እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የሆነ ነገር ልትነግረኝ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። እግሯ ቀስ በቀስ ተመለሰላት። ቀኝ እጇም እየለገመም ቢሆን መታዘዝ ጀመረ። ቃሉ ግን በሄደበት ቀረ። የምንላትን ሁሉ ትሰማለች፣ ትስቃለች፣ ትቆጣለች፤ መልስ መስጠት ስትፈልግ ነው "እ... እ..." ብላ በእጇ አየሩን የምትመታው። ፊደልም እንደ ቃሉ ሸሽቷታል። ለረጅም ዓመታት ሰርቦ ከተማ አስተማሪ ሆና ፊደል ስታስቆጥር የኖረች ሴት ናት።

እናቴን ከሌላ ሰው የሚለያት ሽኝቷ ነው። እንግዳ መቀበልማ ማንም ይቀበላል፣ ሰው የሚታወቀው ሲሸኝ ነው ትል ነበር። እሷ ዘንድ ስንብት የአንድ ጊዜ ነገር አይደለም። ሳሎኑ በር ላይ ይጀመራል፣ ግቢው መሃል አቮካዶው ሥር ሌላ ወሬ ተነስቶ ይቆማል፣ የውጭው በር ላይ ዋናው ስንብት ይሆናል፣ ከዚያ ደግሞ "ትንሽ ልራመድ" ተብሎ መንገድ ይገባል። ከሁሉም የባሰው ከጎረቤታችን ጋር ያላት ነው። እኔ በኦሮምኛ የአክብሮት መጠሪያ አዴ እላቸዋለሁ፤ ከእኛ ትንሽ ዝቅ ብለው የሚኖሩ የእናቴ የረጅም ዘመን ጓደኛ ናቸው። ፀሐይ ስትበርድ ይመጣሉ። ሊሄዱ ሲነሱ እናቴ እስከ በራቸው ትሸኛቸዋለች። እዚያ ሲደርሱ አዴ "ብቻሽንማ አትመለሺም" ብለው ወደ እኛ በር ይመልሷታል። እናቴ ደግሞ እሳቸውን ብቻቸውን መስደድ ነውር ነው ትልና እንደገና ትወጣለች። ማን ማንን እንደሚሸኝ ሳይታወቅ የመግሪብ አዛን መጥቶ ይለያቸዋል። ልጅ ሆኜ በመስኮት አያቸው ነበር፤ አሁንም ሳስታውሰው ሁለት ነጠላዎች በዚያ ቀይ አፈር መንገድ ላይ ሲመላለሱ ይታዩኛል።

ከታመመች በኋላ ይህ ሁሉ ቆመ። ከሆስፒታል በወጣች ሰሞን አንድ ቀን እንደ ድሮዋ ልትሸኝ ተነስታ፣ ግድግዳ እየተደገፈች የውጭው በር ድረስ ሄዳ ነበር። ጠያቂዎቹ ዞረው ቃሏን ጠበቁ። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ፊቷን አዙራ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ሰው በመጣ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። አዴ ሳይቀሩ መጥተው አልጋዋ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ።

"ተኝታለች?" ይሉኛል።

"ተኝታለች፣ አዴ።"

"ትተኛ፣ ትተኛ። እንቅልፍ አላህ የሰጠው መድኃኒት ነው" ይሉና የእናቴን እግር በጋቢው ሸፍነው ይወጣሉ። ሦስታችንም ውሸት መሆኑን እናውቃለን። እኔ የበሽታውን ነገር እየለመድኩት ነበር፤ የፈራሁት ሌላ ነው። እናቴ በቁሟ ከሰው ልትቀር ነው ብዬ ፈራሁ።

ሥራዬ የስልክ አፕ መሥራት ነው። ቦሳ አዲስ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እዚያ እውላለሁ። ለሰው ሁሉ ስሠራ ለእናቴ ምን ሠርቼላት አውቃለሁ አልኩና ጀመርኩ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ስልኩ ላይ ሥዕል ትነካለች፣ ስልኩ ይናገርላታል። ውሃ ብትነካ ውሃ፣ ራስ ብትነካ ራሴን አመመኝ። ግን በማን ድምፅ? የእኔን ብቀዳ ራሴ ለራሴ ልታዘዝ ነው። በኋላ ግን፣ ሌላ ከተማ ስማር ትልክልኝ የነበረው የድምፅ መልእክት ሁሉ ስልኬ ውስጥ እንዳለ ትዝ አለኝ።

ያን ሰሞን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ የእናቴን የድሮ ድምፅ እለቅም ነበር። ለምን ውሃ አትጠጪም ብላ ከተቆጣችኝ መልእክት ውስጥ "ውሃ"ን ቆርጬ አወጣሁ። ስለ አንድ ሠርግ ቤት ወጥ ካማችበት ውስጥ "ጨው ያንሰዋል!" የሚለውን ወሰድኩ። አንዳንዴ የቱን እንደምቆርጥ እረሳና ዝም ብዬ አዳምጣለሁ፤ ዝናቡ መቼ እንዳባራ፣ መብራት መቼ እንደጠፋ አላውቅም። አንዱ መልእክት ላይ እኔን እያወራች ሳለ እንግዶች ሊሄዱ ተነስተዋል። እኔን ትታ ወደ እነሱ ስትጮህ ይሰማል፦ "በሉ በደህና ግቡ! ቆዩ፣ ቆዩ እንጂ፣ እሸኛችኋለሁ!" ከዚያ የጫማዋ ድምፅ፣ የበሩ ሲጢጥታ። ስልኩን መዝጋት እንኳ ረስታ ነው የሄደችው። ይህን አልቆረጥኩትም፤ እንዳለ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ገጾቹን ሠራሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰላምታ፣ ምግብ፣ ሰውነት፣ ሰዎች አሉ። ምግብን ስትነካ ሌላ ገጽ ይመጣል፣ እዚያ ውስጥ ወጥን ስትነካ ደግሞ ሌላ። ገጽ በገጽ ላይ እንደታጠበ ሳህን ይደራረባል። በየገጹ አናት ላይ አንዲት ጠባብ መስመር አለች። እኛ የሥራው ሰዎች ቱልባር እንላታለን፤ ስልክ ወደ አማርኛ የሚመልሱት ደግሞ የመሣሪያ አሞሌ ብለዋታል። ይህን ባየሁ ቁጥር የጨው አሞሌ ይታየኝና ደስ ይለኛል። በአሞሌዋ ግራ ጫፍ ወደመጡበት ገጽ የምትመልስ ቀስት ትቀመጣለች፤ በቀኝ ጫፍ ደግሞ በዚያ ገጽ ላይ የሚያስፈልግ ነገር። የሙያችን ወግ ለእያንዳንዱ ገጽ የሚገባውን ብቻ አሳይ፣ ሌላውን ደብቅ ይላል። እኔም ወጉን አከበርኩ። የምትውለበለብ እጅ ሣልኩና ያን የሽኝት ድምፅ ከእሷ ጋር አያይዤ በሰላምታው ገጽ አሞሌ ላይ፣ ቀኝ ጫፍ አኖርኩት። ሌላ ገጽ ሲከፈት ሥዕሏ ትጠፋለች። አምሮ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እያየሁ በራሴ እኮራ ነበር።

እናቴ ድምፅዋን ከስልኩ ውስጥ መጀመሪያ ስትሰማ ደነገጠች። ቀጥላ በሳቅ ፈረሰች። "ጨው ያንሰዋል!"ን ደጋግማ እየነካች ቀኑን ሙሉ የእኔን ምግብ ስታማ ዋለች። ስልኩን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠለጠልኩላት።

ከሰርቦ ጠያቂ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። አብረዋት ያስተማሩ ባልና ሚስት፣ ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ቡና በፌስታል ይዘው መጡ። እናቴ ዓይኗን አልጨፈነችም። ሰላምታውን ከፍታ በገዛ ድምፅዋ እንኳን ደህና መጣችሁ አለቻቸው። ሰውየው ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ምሳ ቀረበ፤ ምግብን ከፈተች፣ ወጥን ከፈተች፣ ወጤን በእንግዳ ፊት አማችልኝ፣ ተሳቀ። እኔ ቤቱ ተመለሰ ብዬ በልቤ ጮቤ ረገጥኩ።

ከዚያ እንግዶቹ ተነሱ።

እናቴ ስልኩን አነሳች። ወጥ ገጽ ላይ ናት፤ አናቱ ላይ የምትውለበለበው እጅ የለችም። ቀስቷን ነካች፣ ምግብ መጣ። እጇ ለገመባትና ቀስቷን የነካች መስሏት ሌላ ነገር ነካች፣ ፍራፍሬ ተከፈተ። እንግዶቹ ጫማቸውን አድርገዋል። ቀስት፣ እንደገና ወጥ። እየሄደች ትነካለች፣ እየነካች ትሄዳለች። የውጭው በር ላይ እንግዶቹ ዞረው ቆሙ። ድሮ እንደቆሙት፣ ቃሏን ሊሰሙ። እናቴ በሙሉ ልቧ ተጫነች፤ ስልኩም በዚያ በሞቀ የድሮ ድምፅዋ፣

"ጨው ያንሰዋል!" አለ።

እንግዶቹ ሳቁ፤ በክፋት አይደለም። እኔም ሳቄ መጥቶብኝ ነበር፣ ፊቷን እስካይ። ገመዱን ከአንገቷ አውጥታ ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠችና ገብታ ተኛች። አዴ በማግስቱ ሲመጡ ዓይኗ ተጨፍኗል።

በራሴ በገንሁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ ማለት እኔ ነኝ። ግን ምኑ ጋ እንደተሳሳትኩ ገና አልገባኝም ነበር። ቀስቷን ላተልቃት? ገጾቹን ልቀንስ? ያን ሰሞን ሕልሜ ሁሉ ቤት ነበር። ከክፍል ወደ ክፍል እገባለሁ፣ ክፍሎቹ ወደ ጊንጆ ሳንመጣ የኖርንበት የሰርቦው ቤታችን ይመስሉኛል፤ አንዱ የቡና ሽታ አለው፣ አንዱ ውስጥ ጠመኔ ፈሷል። ሰው ከውጭ ሊሄድ ነው፣ እኔ ደግሞ በሩን አላገኘውም። ስነቃ ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ተኝቷል።

የገባኝ ሳልጠይቃት ነው። አንድ ቀን እናቴ ሰው የሌለ መስሏት ስልኩን ከመስኮቱ ላይ አንስታ ይዛለች። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ምግብን ከፈተች፣ ከዚያ በአውራ ጣቷ የገጹን የቀኝ አናት ነካች። ምንም የለም። ሰውነትን ከፈተች፤ አሁንም ያንኑ ቦታ። ሰዎችን ከፈተች፤ ያንኑ ባዶ ቦታ ተጭና ጠበቀች። በልቧ ይዛ የቆየችው ሥዕሏን አልነበረም፣ ቦታዋን ነው። ሽኝቱ የት እንደሚኖር አሳምራ ታውቃለች። ከቦታው እያነሳሁ የደበቅኩባት እኔ ነበርኩ። እኔ ሽኝት የሰላምታ ክፍል ነው ብዬ መድቤ ነበር፤ እሷ ዘንድ ግን እንግዳ ከየትኛውም ወሬ መሃል ይነሳል፣ ከወጡም፣ ከሕመሙም፣ ከሐሜቱም መሃል።

ቦሳ አዲስ ሮጬ ሄጄ አሞሌዋን እንደገና ሠራኋት። አሁን አንዲት አሞሌ ለገጾቹ ሁሉ። ገጹ ወደ ታች ሲንሸራተት አትሸሽም፣ ሌላ ገጽ ሲከፈት አትለወጥም። በግራ ቀስቷ፣ በቀኝ የምትውለበለበው እጅ። ይቺን እጅ የነካ ከገጹ ወዴትም አይሄድም፤ ባለበት ሆኖ ይሸኛል። የሙያ ጓደኞቼ ቢያዩት ምግብ ገጽ ላይ ስንብት ምን ይሠራል ይሉኝ ይሆናል። ይበሉኛ! ስልኩን መልሼ እናቴ አጠገብ አስቀመጥኩና ወጣሁ።

ዝናቡ አልፎ ቡና የሚለቀምበት ወቅት ገባ። ከሰርቦ በኩል የሚመጣ መኪና ሁሉ ጆንያ ጭኗል፤ አየሩ የደረቀ ቡና ይሸታል፣ ሰማዩ ታጥቧል። ፀሐይ በርዳ አዴ መጡ።

"አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ እህቴ?" አሉ፣ መልስ ሳይጠብቁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ አቮካዶው መርገፍ አወሩ። እናቴ ዓይኗን እንደጨፈነች ነው፤ እጇ ግን ገመዱን ይዟል። መጨረሻ ላይ አዴ ተነሱ። "በይ ልሂድ፣ አዛን ሳይደርስብኝ።"

"በሉ በደህና ግቡ! ቆዩ፣ ቆዩ እንጂ፣ እሸኛችኋለሁ!"

አዴ በሩ ላይ ቀጥ አሉ። ሲዞሩ እናቴ ዓይኗን ከፍታ፣ እግሯን ከአልጋው አውርዳ ጫማዋን ትፈልጋለች።

"ያ ረቢ! ያ ድምፅሽ!" አሉ አዴ፤ እንባቸው ቀደማቸው። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ እንዳደረጉ ሳቅ ያዛቸው። "እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ ስንት ሆኜ ታየሁሽ? ኮቱ፣ ነይ፣ ነይ እንጂ ሸኚኝ! ስንት ጊዜ ብቻዬን ስገባ ከረምኩ፣ ወላሂ ተቀይሜሽ ነበር።"

ተያይዘው ወጡ። እኔ ሳሎን ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ግቢው መሃል አቮካዶው ሥር "በሉ በደህና ግቡ!" አለ ስልኩ። የውጭው በር ላይ ደገመ። ከመንገዱ ራቅ ብሎ አንዴ ሰማሁት፣ ከዚያ የአዴ ሳቅ። ተመልሰው መጡ፣ በሩ ሲጢጥ አለ፣ ድምፅዋ በራችን ላይ እንደገና ተሰማ። እንደገና ሄዱ። ከዚያ በኋላ ግን ምንም የለም። ጠበቅኩ። ወድቃ ይሆን ብዬ ደንግጬ ወጣሁ።

ስልኩ በገመዱ የውጭው በር መወርወሪያ ላይ ተንጠልጥሏል። ገጹ ምግብ ላይ ተከፍቶ ቀርቷል፤ አናቱ ላይ የምትውለበለበው እጅ አለች። ቀና ስል እናቴና አዴ ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ ከአዴ በር ተመልሰው ይሁን ወደ አዴ በር እየሄዱ፣ የቱ እንደሆነ ሳይለይ፣ በቀዩ መንገድ ላይ ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። አዴ ያወራሉ፤ እናቴ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። ደስ አለኝ። ትንሽም ቅር አለኝ፤ ያን ሁሉ ክረምት የሠራሁት ነገር በር ላይ ተንጠልጥሎ መቅረቱ ነው መሰለኝ። ደግሞ ናፈቀችኝ፣ እዚያው እያየኋት።

ጣቴን ሰድጄ ስልኩ ላይ የምትውለበለበውን እጅ ነካኋት። የድሮዋ እናቴ ከስልኩ ውስጥ በሙሉ ድምፅዋ፣ "በሉ በደህና ግቡ!" ብላ ተጣራች።

እናቴ ከሩቅ ሰማች። ዞር ብላ አየችኝ፣ ያን የሚለግም ቀኝ እጇን አነሳችና ወደ ቤቱ አወዛወዘችልኝ፤ ግቢ፣ ብርድ ነው፣ እኔ እመጣለሁ ማለቷ ነው። ከዚያ ፊቷን መልሳ አዴን መሸኘቷን ቀጠለች።