ቅጠሉን አይቼ ገባሁ

ሞተር ላይ መውጣት በእኔ ዕድሜ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። መጀመሪያ ጎንበስ ብዬ ቀኝ እግሬን በሁለት እጄ አነሳለሁ፤ ከዚያ በኮርቻው ላይ አሻግሬ እጥለዋለሁ፤ ቀጥሎም እግሬ ወዲያ ማዶ መሬት መንካቱን በዓይኔ አረጋግጣለሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን የጋምቤላ ፀሐይ አናቴን ይጠብሰዋል፤ ባለባጃጁ ጎረቤቴም ሥራውን ትቶ ያየኛል።

«ጋሼ፣ ዛሬም አልወደቁም?»

«ገና ጠዋት ነው፤ ምን አስቸኮለህ?»

በጉልምስናዬ የወባ መድኃኒት ረጪ ነበርኩ። መርጫውን ከኋላዬ አስሬ በሞተር አቦቦን፣ ጎግን፣ ከዚያም ወዲያ መኪና የማይደርስባቸውን የወንዝ ዳር መንደሮች አዳርሻለሁ። በዚህ ክልል ያልረጨሁበት መንደር ሊኖር ይችላል፤ ያልወደቅኩበት ግን ያለ አይመስለኝም። ጡረታ ስንወጣ ባልደረቦቼ ወደየደጋቸው ተመለሱ። እኔ ቀረሁ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ሙቀቱ ለጉልበቴ ተስማምቶት ነው» እላለሁ። እውነቱ ግን ሞተሩ ነው። እዚህ ከዋናው መንገድ ትንሽ ወረድ ካልክ ያለው ሣርና ሰማይ ብቻ ነው። ብቻዬን ሆኜ ማርሽ ስሳሳት የሚያርመኝ የለም።

የሚያርመኝ እቤት ነው ያለው። አንዲት ልጅ አለችኝ፤ እዚሁ ከተማ ነርስ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ልጄም አለቃዬም ሆናለች። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ገበያ ሄጄ ሞተሬ ተሰረቀ ብዬ ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ። ቃሌን ሰጥቼ፣ ሌባውን ረግሜ፣ ስወጣ ሞተሩ ራሴ ያቆምኩበት መድኃኒት ቤት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ፖሊሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ልጄ ግን አልሳቀችም። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ወደ ቤት ስመለስ የገዛ ግቢዬን በር አልፌ ሄድኩና ባሮ ድልድይ ላይ ስደርስ ነው የነቃሁት። ይህንንም ሰማች። ከተማችን ወሬ ከሞተር ይፈጥናል።

«አባዬ፣ እኔ መውደቅህን አይደለም የምፈራው» አለችኝ የዚያን ዕለት ማታ እራት ላይ። «የወደቀ ሰው ይነሳል። አንተ ግን አንድ ቀን የት እንዳለህ ሳታውቅ ሜዳ ላይ ትቆማለህ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? እዚህ ተቀምጬ ትንኝ ልቁጠር?»

«አልከለክልህም። ግን አንድ ቃል ስጠኝ። የት እንዳለህ የጠፋህ ቀን፣ ቁልፉን በገዛ እጅህ ታስረክበኛለህ። እኔ አልቀማህም። አንተው ታውቀዋለህ።»

በነገር ታስረኛለች። ቃሌን ሰጠኋት።

ጥር ላይ ለራሴ ፈተና አወጣሁ። ፈታኙም ተፈታኙም እኔ ስለሆንኩ እንደማልፍ እርግጠኛ ነበርኩ። ከአቦቦ ወደ ጎግ ሲኬድ ከመንገዱ ወጣ ብሎ፣ በወንዝ ዳር መንደር መሐል፣ አንድ ትልቅ ማንጎ ነበር። በሥራ ዘመኔ ለርጭት በወጣን ቁጥር አጎበራችንን ከቅርንጫፎቹ አስረን የምናድረው ከሥሩ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ የማገኘው ቦታ ነው። ማንጎውን ካገኘሁት ጭንቅላቴ ደህና ነው ማለት ነው። ለልጄም «ወደ ማንጎው ሄጃለሁ» ብዬ ነገርኳት። ቁልፉን አየችው።

አቦቦን አልፌ ኮረኮንቹን ለቀቅኩና ወደ እግር መንገዱ ገባሁ። መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ የፊት ጎማዬን ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ስደርስ ልቤ ሞቀ፤ አልረሳሁትም። ወደ ማንጎው የሚወስደው የግራው ነው። በግራው መንገድ ላይ፣ አፉ ላይ፣ የተቆረጠ ለምለም ቅጠል ተጋድሟል።

እንደ እኔ መንገድ ላይ ያረጀ ሰው ቅጠል ሲያይ አያስብም፤ እጁ ራሱ ፍጥነት ይቀንሳል። ቅጠል ካለ ከፊት መኪና ተበላሽቷል። ሾፌሩ ከሥሩ ተጋድሞ ዘይት ፊቱ ላይ እየተንጠባጠበበት ነው፤ ረዳቱ ጥላ ፈልጎ ተቀምጧል። «ምስኪኖች፣ በዚህ ፀሐይ» አልኩ። ውኃ አለኝ፣ መፍቻ አለኝ፣ ምክር ደግሞ ከሁሉም በላይ ሞልቶኛል። ቅጠሉን በጎን አልፌ ገባሁ።

ሣሩ ከሄልሜቴ በላይ ነበር። መንገዱ እየጠበበ፣ ደረቁ ሣር ከግራና ከቀኝ ክንዴን እየጠረገ፣ ጥቂት እንደሄድኩ ሁለተኛ ቅጠል አገኘሁ። የተቆረጠበት ቦታ ገና እርጥብ ነው። «ደረስኩላችሁ!» ብዬ ጮህኩ። መልስ የለም። ያኔ ነው መሬቱን ያየሁት። የመኪና ጎማ ምልክት የለም። የተሰበረ ሣር እንኳን የለም። እዚህ ድረስ ገብቶ፣ ተበላሽቶ፣ ቅጠል አስጥሎ፣ ግን መሬት ሳይነካ የሄደ መኪና ምን ዓይነት መኪና ነው?

ሞተሩን አጠፋሁና አዳመጥኩ። ምንም የለም። የሣሩ ነፍሳት ሁልጊዜ ሲሲሲ ይላሉ፤ አሁን ግን ዝም ብለዋል። ርግቦቹ ዝም ብለዋል። ቀና ስል ጭልፊቶች በላዬ ይዞራሉ፤ አንዱ ሄደ ስል ሌላው ይጨመራል። «ገና ነው፤ እናንተም እንደ ባለባጃጁ አትቸኩሉ» አልኳቸው። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ከዚያ አጋዘን መሰሎቹ ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች መጡ። ከሣሩ ውስጥ አንድ ወጣ፤ ከኋላው ሌላ፤ ከዚያ ሣሩ በሙሉ እንስሳ ሆነ። ድሮ ሞተር ሲያዩ ፍንጥር ይሉ ነበር። እነዚህ ግን አላዩኝም። በግራና በቀኜ ተከፍለው አለፉ፤ የአንዱ ጎን ጉልበቴን ነካ፣ ትንፋሹ እጄ ላይ ሞቀኝ፤ ዓይኑ ግን በእኔ ውስጥ አልፎ ወዲያ ማዶ ያያል። እኔ እዚያ እንደሌለሁ። ሞቼ ይሆን? አልኩ። ምናልባት እዚያ መንታው መንገድ ላይ ወድቄ ቀርቻለሁ። ቀጥሎ ግን ጉልበቴ ሲወጋኝ ተጽናናሁ፤ የሞተን ሰው ይህን ያህል ሊያመው አይገባም።

ከዚያ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። በጥር ዝናብ? እዚህ ቆርቆሮ? አንዲት ጥቁር ነገር እየተንሳፈፈች መጥታ እጄ ላይ አረፈች። ስነካት ዱቄት ሆነች። አመድ ነበር።

ወደመጣሁበት ልዞር አልኩ። የመጣሁበት መንገድ የለም፤ ሣሩ ከኋላዬ ገጥሟል። በዚያች ሰዓት፣ በማርያም፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ሞትን አይደለም። ቁልፉን ነው ያሰብኩት። ከዚያ የመጨረሻው ቆርኬ በአጠገቤ ሲያልፍ አየሁና ተከተልኩት። ያ እንስሳ ከእኔ የተሻለ ያውቃል፤ ቢያንስ ቅጠል አይቶ አልገባም። በሁለተኛ ማርሽ፣ ማርሚታዬ እያጓራ፣ ሣሩን በደረቴ እየገመስኩ ስሄድ ድንገት ወደ ጥቁር ቦታ ወጣሁ። ሣሩ ቀድሞ ተቃጥሎ ያለቀበት፣ ቀለበት መሰል ቦታ ነው፤ መሐሉ ደግሞ ጠንካራና ገላጣ መሬት። ቆርኬው ቀለበቱን አቋርጦ ሄደ። እኔ መሐሉ ላይ ቆምኩ። ጃኬቴን አውልቄ የመጠጥ ውኃዬን ሁሉ አፈሰስኩበትና የነዳጅ ጋኑን ሸፈንኩ። ከዚያ አንድ አሮጌ ጉቶ አግኝቼ ተቀመጥኩና የሄልሜቴን መስታወት ዝቅ አደረግኩ። ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ይቀመጣል።

እሳቱ በሁለት ጎን አለፈ። ጭሱ መጥቶ እጄን እንኳ ከለለኝ። በጭሱ ውስጥ ከኋላዬ አንድ ሰው ሳለ። የሽማግሌ ሳል ነው፣ ረጋ ያለ፣ የለመደ። «አይዞህ፣ ያልፋል» አልኩት። ደግሞ ሳለ፤ አሁን በጎኔ በኩል ነው። የተበላሸው መኪና ሾፌር ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጭሱ ሲገፈፍ ዞርኩ። ማንም የለም።

ዙሪያውን ምድር ሁሉ ጥቁር ነው። መንገድ የለም፤ ሣር የለም፤ የጎማዬ ምልክት የለም። ከየት እንደመጣሁ፣ ፊቴ ወዴት እንደሆነ፣ አላውቅም። እሳቱ እያለ ብዙ አልፈራሁም፤ እሳት ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል። አሁን ግን ተነስቼ ቆሜ ዙሪያዬን ዞርኩ፤ ሁሉም አቅጣጫ አንድ ነው። ልጄ የነገረችኝ ሜዳ ይህ ነው።

አንድ ሽማግሌ ከጥቁሩ ውስጥ እየተራመደ መጣ። ጦሩን ትከሻው ላይ አድርጓል፤ በሌላ እጁ እርጥብ ቅርንጫፍ ይዟል። የዚያው አካባቢ ሰው ነው፤ በዕድሜ እኩዬ ይመስለኛል፣ ግን ጉልበቱ የልጅ ነው።

«አንተ! ቅጠል አላየህም?»

«አየሁ፣ ወንድሜ።»

«አየህ?»

«አየሁና ገባሁ። መኪና የተበላሸ መስሎኝ።»

ሜዳውን አየ። እኔን አየ። «መኪና? እዚህ?» አለና ጦሩን ተደግፎ ሳቀ፤ ቆሞ መሳቁ አልበቃውም፣ ቁጢጥ ብሎ ሳቀ። «እኛ ጠዋት እሳት ልንለቅ ስንል መንገድ እንዘጋለን። ቅጠል ማለት በዚህ አትሂድ ነው። ሰው አይቶ ይመለሳል። ላም እንኳ ትመለሳለች። ደገኛ አይቶ ገባ!»

«ይህችን ቦታስ ቀድማችሁ ያቃጠላችሁት ለምንድን ነው?»

ሳቁን ተወ። «ዙሪያውን ብቻ ነው። የድሮ መንደራችን ነው፤ ሰዎቻችን እዚህ ተኝተዋል። እሳት እንዳይነካቸው ጠዋት ቀድመን እናጥራለን።»

ስለ ሳሉ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ ራሱን ነቀነቀ ብቻ። «ያስላሉ» አለ፣ ስለ ጎረቤት እንደሚያወራ ሰው።

ከዚያ ጠየቅኩት። «እዚህ አካባቢ ትልቅ ማንጎ ነበር። ወዴት ነው?»

በያዘው ቅርንጫፍ አመለከተኝ። የተቀመጥኩበትን ጉቶ።

«ንፋስ ጣለው። ቆየ» አለ። «ወንዙም ሸሸ።»

ጉቶውን ዞርኩት። አጎበሬን ያሰርኩበት፣ ጀርባዬን ያስደገፍኩበት፣ ስንት ሌሊት ያደርኩበት ዛፍ። በልቤ ብዙ ጊዜ መጥቼበታለሁ፤ ዛሬ በአካል መጥቼ በላዩ ተቀምጬ ወዴት ነው እላለሁ።

ሽማግሌው እስከ መንታው መንገድ በእግሩ ሸኘኝ፤ እኔ በሞተር፣ እሱ ከፊት። ከዚያ በኋላ እስከ ጋምቤላ ድረስ ለራሴ ጥብቅና እየቆምኩ ሄድኩ። ክቡር ፍርድ ቤት፣ ደንበኛዬ ወደ ማንጎው እሄዳለሁ አለ፤ ማንጎው ላይ ደረሰ። ማንም አልጎተተውም፤ ሞተሩም አልወደቀም። ዛፉ መውደቁ የደንበኛዬ ጥፋት ነው ወይ? ወንዙ መሸሹስ? ባሮ ድልድይን ስሻገር ራሴን በነፃ አሰናብቼ ነበር።

ልጄ ከሥራ ተመልሳ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቴ ጥቁር፣ ጃኬቴ ጭስ ጭስ ይላል። አልጮኸችም። ቁና ቁና እየተነፈስኩ እግሬን በሁለት እጄ እስካወርድ ድረስ ጠበቀችኝ።

«ደረስክ?»

«ደረስኩ።»

«አወቅከው?»

ያ ሁሉ ጥብቅና አፌ ላይ ነበር። ሳሉ ትዝ አለኝ፤ እነሱ የት እንዳለሁ ያውቁ ነበር፣ እኔ ግን አላውቅም ነበር። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት። ጣቶቿን አጠፈችበትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

አሁን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ከተመለሰች በኋላ ለሽርሽር እንወጣለን፤ ሞተሩን እሷ ትነዳለች፣ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። ጎረቤቴ ባለባጃጁ «ጋሼ፣ ዕድገት አገኙ፣ ባለሾፌር ሆኑ» ይለኛል። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ትለቃለች፤ ማርሹን ታስጮኸዋለች። ሳርማት «አባዬ፣ ዝም ብለህ ያዝ» ትለኛለች። እይዛለሁ።

ባለፈው እሁድ በአቦቦ መንገድ ከመታጠፊያው በፊት ለምለም ቅጠል ተጥሎ አገኘን። ፍጥነት ቀነሰች፤ ነጂ ሆናለች ብዬ በልቤ ኮራሁ። መታጠፊያውን ዞርን። መኪና የለም። ሰው የለም። የዘይት ጠብታ እንኳ የለም። መንገዱ ባዶውን በሣሩ መሐል ይሄዳል።

«ማን ይሆን ያስቀመጠው?» አለች። ሞተሩን አጥፍታ፣ አንድ እግሯን መሬት አድርጋ።

እኔ አዳመጥኩ። የሣሩ ነፍሳት ዝም ብለዋል።

«አንቺ፣ እንመለስ» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ፤ በሕይወቴ ይህን ቃል ከአፌ ሰምታው አታውቅም። ሞተሩን አስነሳችና አዞረችው።