ወፍ የዘራው ወይራ

ልጅ እያለሁ በተወለድኩባት በሸነን ከእኔ ጋር መጫወት የሚፈልግ ልጅ አልነበረም። ምክንያቱ የአባቴ ጫካ ነው። ከአያቴ የወረሰው፣ ከቤታችን ጀርባ ያለ የወይራና የጽድ ጫካ። ጎረቤቱ ሁሉ የራሱን መንጥሮ ባህር ዛፍ ሲተክል አባቴ የደረቀውንና የተጨናነቀውን ብቻ እየመረጠ ይቆርጥ ነበር። ከብትማ ጨርሶ አያስገባም። «ዛፍን የሚጨርሰው መጥረቢያ ሳይሆን የጥጃ ምላስ ነው» ይላል። በበጋ ሳር ሲጠፋ ሰው ይቀየመዋል፤ ልጆቹም የቤታቸውን ቂም ይዘው እኔን አኮረፉኝ። ሰኞ ማክሰኞ አቧራው ላይ አስምሬ ብቻዬን እዘል ነበር። ተራዬን የሚቀማኝ እንኳ አልነበረም።

አንድ ቀን የጎረቤታችን የኦቦ ገመቹ ልጅ ጫልቱ ሁለት ጥጆች እየነዳች መጣች። ጥጆቹን ካስገባሁላት አብራኝ እንደምትጫወት ነገረችኝ። ምኑን አስቤ! የአጥሩን እሾህ ጎትቼ ከፈትኩላት። ፀሐይ እስክትጠልቅ ዘለልን፣ ተጣላን፣ ታረቅን። እንደዚያ ቀን የሳቅኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ጥጆቹ ግን ወፍ የዘራቸውን፣ አባቴ ስንት ዓመት ጠብቆ ያገኛቸውን የወይራ ቡቃያዎች ሙልጭ አድርገው በልተዋቸው ነበር። አባቴ ገብቶ አየ። የእግራችንንም ዱካ ሳያይ አልቀረም፤ ምንም አልጠየቀኝም። በማግስቱ ኦቦ ገመቹ ይቅርታ ሊጠይቁ ሲመጡ፣ «ኧረ ኦቦ ገመቹ፣ ምንም አይደል፤ አጥሩን ሳልዘጋ የወጣሁት እኔ ነኝ» አላቸው። በሩ ጥግ ቆሜ ሰማሁ። ትንፍሽ አላልኩም። ሰፈሩ «ጠባቂው ራሱ ከፈተው» እያለ ሰነባበተ፤ ጫልቱም ወደ አጥራችን እንዳትጠጋ ተከለከለች።

አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ጫልቱም አዲስ አበባ ገብታለች ይባላል። ጫካው የእኔ ሆኗል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአምቦ በሚኒባስ እየመጣሁ እንደሱ እየመረጥኩ አስቆርጣለሁ፣ አጥሩን አስጠግናለሁ። ያ ያኮረፈን ሰፈር ዛሬ የወይራ ችግኝ ሊለምነኝ ይመጣል። ደግ ነው፤ ያኔ ቢመጣልኝ ግን እንዴት ደስ ባለኝ!

በቀደም አንድ የደን ባለሙያ ዞሮ አየና፣ ትልልቆቹም ትንንሾቹም ወይራዎች እያሉ መካከለኞቹ የት እንደገቡ ጠየቀኝ። ልጅ ሳለሁ ቡቃያዎቹን ከብት ገብቶ በልቷቸው ነው አልኩት።

«ማን አስገባው?»

«አባዬ አጥሩን ሳይዘጋ ረስቶ» አልኩት።

ያኔ ዝም ያልኩት አባቴንም ጫልቱንም እንዳላጣ ፈርቼ ነው። ዛሬ ሁለቱም አጠገቤ የሉም፤ ማንን ፈርቼ እንደዋሸሁ አላውቅም።