እንዳይቆሙ የተጸለየላቸው ጠጠሮች

አርባ ምንጭ በተከራየኋት ክፍል፣ ጠረጴዛዬ ሥር፣ ሁለት ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር አለኝ። በጨንቻ መንገድ ናዳ እንዴት እንደሚወርድ ለማጥናት፣ ሚሊዮን ጠጠር ከዳገት ሲንከባለልና ሲጋጭ የሚያሰላ ፕሮግራም ጽፌ ለቀቅኩት። ሳምንት ሙሉ አይጠፋም።

አከራዬ እትዬ መሠረት በመጀመሪያው ቀን፣ "ይሄ ኮምፒውተር ነው ወፍጮ?" ብለው በጩኸቱ ተቆጡ። ማስረዳት ላይ ደግሞ ማን እንደ እኔ! አስቀምጫቸው፣ እያንዳንዱ ጠጠር ጎረቤቱን ብቻ እያየ እንደሚጋጭ፣ ካርዶቹም የብዙዎቹን ግጭት በአንድ ጊዜ እንደሚያሰሉ ነገርኳቸው።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆኑ። ክፍሌን ራሳቸው ይጠርጉልኝ ጀመር። ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጠብቀው፣ "ጠጠሮቹ እየተጋጩ ነው? መብራት እንዳይጠፋ የጸሎት ቡድናችን ይዞታል" ይሉኛል። እንዲህ ያለ ተማሪ በማስተምርበት ክፍል ውስጥም ገጥሞኝ አያውቅም።

ስሌቱ ያለቀ ዕለት የምሥራቹን ልነግራቸው ጠራኋቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብለው፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ሙቅ አየር ከሚወጣበት፣ አንድ ሰፌድ ሙሉ የሽፈራው ቅጠል ጎተቱና በጣታቸው ፈተሹት።

"በዚህ ዝናብ ሌላ የት ላድርቀው? በል ልጄ፣ እስከ ነገ ይጋጩልኝ።"