ያገባችውና አጥር ሥር የቀረችው

ልጅ ሳለሁ፣ ከወገዳ ከተማ የሁለት ሰዓት መንገድ በሚርቀው ቤታችን፣ ዓይነ ስውሩ አያታችን ፍም ዳር ተቀምጠው የሁለት እህትማማቾችን ተረት ይነግሩን ነበር። በሶብላ ወጥ ቤት ተድራ ከበርበሬ ጋር ተወቀጠች፤ ዳማከሴ ሳታገባ አጥር ሥር ቀረች፣ የታመመ ሰው እስኪፈልጋት። ያኔ ዓይናችንን አስጨፍነው ቅጠሎቹን በየተራ አፍንጫችን ሥር ያስጠጉና «የትኛዋ ናት?» ይሉናል። ታናሽ እህቴ ብርቄ ተሳስታ አታውቅም። እኔ ሳመነታ፣ «ያንተ አፍንጫ ለንፍጥ ብቻ ነው!» ትለኛለች፤ አያቴ እስኪያስላቸው ይስቃሉ። ስለዚህ ልዩነታቸውን ደብተሬ ላይ ጻፍሁ፦ ዳማከሴ ሰፊ ቅጠል፣ በሶብላ ጠባብ።

አንድ የነሐሴ ጠዋት ብርቄን አተኮሳት። እናቴ እህል ለማስፈጨት ወገዳ ልትሄድ ተነስታ ነበር።

«ምች ነው። ዳማከሴ ጨምቀህ አጠጣት። እስከ እኩለ ቀን ካልተሻላት ዝክር ቤት ላሉት ለአያትህና ለጎረቤቶች ንገር፤ በቃሬዛ ወንዙን አሻግረው ወገዳ ጤና ጣቢያ ያድርሷት» አለችኝ።

አጥሩ ሥር ሁለቱም አብበዋል። ሰፊውን ቅጠል መርጬ ቆረጥሁ፤ ክረምቱ በሶብላንም እንደሚያሰፋት አላሰብሁም። አላሸተትሁም።

ብርቄ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። «ይኼ የወጡ ነው።»

«ዳማከሴ ናት! ጽፌዋለሁ!»

እኩለ ቀን ሆነ። ትኩሳቱ አልበረደም። መድኃኒቱ ትክክል ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል ብዬ ደግሜ ጨመቅሁ። «የወጡ ነው እኮ» አለች፤ ድምፅዋ ደክሞ ነበር። ማንንም አልጠራሁም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ።

አመሻሽ ላይ አያቴ ከዝክሩ ተመለሱ። መዳፌን ይዘው አሸተቱ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ይቺ እኮ ያገባችዋ ናት» አሉ።

የዝክሩ ሰዎች ብርቄን በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙ ዳር ሲደርሱ ውኃው ሞልቶ ድንጋይ ያንከባልል ነበር። ማዶ እናቴ ዱቄቷን ተሸክማ ቆማለች። ትጣራለች፤ የምትለው አይሰማም። ብርቄ ውኃው ሳይጎድል አረፈች።

ደብተሩ ዛሬም አለኝ። «ሰፊ» የሚለውን ልሰርዝ ስንት ጊዜ እስክሪብቶ አነሳሁ፤ በምን እንደምተካው ግን አጣሁ። እውነተኛዋ ዳማከሴ ታድናት እንደነበር አላውቅም፤ ጠይቄም የሚነግረኝ አላገኘሁም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ እኩለ ቀን ላይ ያ ወንዝ ከጉልበት አያልፍም ነበር።